የአባቴን ሱሪ ማን ፈታው?

ወረታ ላይ ማንም ሳያስተምረው ልብስ የሰፋ የመጀመሪያው የአራሽ ልጅ እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ብኮራስ ማን ይከለክለኛል? ከእኔ በፊት በከተማዋ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሱም ከጎንደር የመጣ፣ ሙያውን ከአባቱ የወረሰ ነው። ከአባት የወረሱትን መሥራት ምኑ ይደንቃል? እኔን ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደልም ቢሆን ማንም አላስቆጠረኝም፤ የኔታ ሌሎቹን ሲያስቆጥሩ ከአጥር ኋላ ቆሜ በጆሮዬ የለቀምኩት ነው። ይህን የምጽፈውም በዚያው ፊደል ነው።

አባቴ ከርብ ወንዝ በታች፣ ሜዳው ላይ፣ መሬት ነበራቸው። የእኛ ሜዳ ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል። ከብቱ ወደ ዳገቱ ይወጣል፤ ሰው በየጉብታው ላይ ተሰብስቦ ይከርማል። መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽ ግን ፋታ የለም። ጭቃው ሳይደርቅ ታርሶ ሽምብራና ጓያ መዘራት አለበት። ዋልካው አንዴ ከደረቀ ተሰነጣጥቆ የበሬ እግር ይይዛል እንጂ ዘር አይቀበልም። በመስከረም ጠንካራ ወንድ ልጅ የሌለው ቤት ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ያያል።

በንጉሡ ዘመን፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ አንድን ልጅ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የአራሽ ልጅ ያርሳል፣ የቄስ ልጅ ይቀድሳል፣ የሸማኔ ልጅ ሸማ ይሠራል፣ የቀጥቃጭ ልጅ ወናፍ ይነፋል። አለቀ። እኔ ነኝ ከዚህ የወጣሁት።

አባቴ ከጎንደር ያስመጡት የካኪ ሱሪ ነበራቸው። የሚለብሱት ለጥምቀትና ለፋሲካ ብቻ ነው። አንድ ቀን እሳቸው ለደቦ ሲወጡ ሱሪውን ከተሰቀለበት አወረድኩና በምላጭ ስፌቱን አንድ በአንድ ፈታሁት። ቁርጥራጩን ቁርበት ላይ ዘረጋሁ። ታናሽ ወንድሜ ገና ትንሽ ነበር፤ አጠገቤ ተቀምጦ ዶሮዎቹ ጨርቁን እንዳይረግጡት በእንጨት ይከላከል ነበር። የትኛው ቁራጭ ከየትኛው እንደሚገጥም፣ ኪሱ ከውስጥ እንዴት እንደሚያዝ፣ ወገቡ ለምን እንደሚታጠፍ በዓይኔ አጠናሁ። ከዚያ መርፌ ይዤ መልሼ ገጠምኩት። አባቴ ለጥምቀት ለብሰውት ታቦት ሸኝተው ተመለሱ፤ አላወቁም። እናቴ ናት ሳቋ አምልጧት የነገረቻቸው።

«የአራሽ ልጅ መርፌ ያዘ?» አሉ አባቴ። «ነገ ደግሞ ጉድጓድ ቆፍረህ ሸማ ልትሠራልኝ ነው?»

«እስቲ አባየ፣ ስፌቱ የላላበት ካለ ያሳዩኝ» አልኩ።

ሱሪውን ገልብጠው አገላብጠው አዩት። የላላበት አላገኙም። አልመቱኝም፤ አልመረቁኝምም። ሱሪውን ግን እስኪያልቅ ለበሱት።

ከዚያ በኋላ ወረታ ገብቼ ከአንድ ዓረብ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእሱ የስፌት መኪና፣ መስፋት ጀመርኩ። የእግሩን መርገጫ ማንም አላሳየኝም፤ ዓረቡ ምሳውን በልቶ እስኪመለስ ድረስ ለምጄው ነበር። እኔ ከእርሻው ተረፍኩ፤ ቤት የቀረው ወንድሜ እርፉን ያዘ። አድጎ የሜዳው አንደኛ አራሽ ሆነ፤ በሬዎቹን በጅራፍ ሳይሆን በድምፁ ነበር የሚያዞራቸው። በገበያ ቀን ወደ በረንዳዬ ይመጣና መኪናው ሲሮጥ ቆሞ ያየኛል። ሌላ ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ለዚያ አስተያየት ስል ብቻ መርፌው ያለ ምክንያት ሲፈጥን አስታውሳለሁ።

እንዲህ ሆነን ስንኖር ነው ያ የአስመራ ሰው የመጣው።

የአገራችን ልጅ ነው፤ ከጣራ ገዳም ግርጌ ካለ መንደር ወጥቶ አስመራ ብዙ ዘመን ከርሞ ተመለሰ። እዚያ ምን ይሠራ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽርና ቢስክሌት ነበረው። መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነው።

«የሱሪዬን እግር አጥብብልኝ» አለ። ስለካው እጄን ሲያይ ቆየና፣ «እጅህ ጥሩ ነው። ማን አስተማረህ?» ሲል ጠየቀኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚለኝ «ለመቼ ይደርሳል?» ነው። ስለዚህ ነገርኩት። የካኪውን ሱሪ፣ ምላጩን፣ ቁርበቱን፣ ዶሮዎቹን፣ ሁሉን ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ሰማኝ። «ድገመው» አለኝ፤ ደገምኩለት። ሱሪውንም ከወትሮው አሳምሬ ሰፋሁለት።

በሚቀጥለው ገበያ በበርበሬ ተራ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቆሞ ጎረምሶቹን ሰብስቦ ሲናገር ሰማሁት።

«እናንት ወንዶች! እስከ መቼ የበሬ ቂጥ ስታዩ ትኖራላችሁ? አባታችሁ ስላረሰ ታርሳላችሁ፤ ልጃችሁም ያርሳል። ማን ፈረደባችሁ? ጠዋት ስትነሱ ለማንም እንደምን አደርክ ሳትሉ፣ ፊታችሁን ሳትታጠቡ፣ ለራሳችሁ ‹እችላለሁ› በሉ። ጮክ ብላችሁ!»

«እችላለሁ!» አሉ ጎረምሶቹ። ተራ የያዙት በርበሬ ሻጮች ሳቁ።

ነገሩ ግን በሳቅ አልቀረም። ሜዳው ሁሉ «እችላለሁ» በሚል ወጣት ተሞላ። ማረሻውን ጥሎ ጨው ልነግድ ያለ አለ። ሻይ ቤት ልክፈት ያለ አለ። ሾፌር እሆናለሁ ብሎ በመንገዱ ዳር ተቀምጦ ያለፈ መኪና ሁሉ ሲቆጥር የሚውል ነበር። አንዲት ጎረቤታችን በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብላ አማረረችኝ።

«ልጄ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ‹እችላለሁ› ይላል። እሰይ ብዬ ‹እንግዲያ ውሃ ቅዳልኝ› ስለው ግን አይችልም!»

አንድ ነገር አልክድም፤ ሰው ሲያልፍ ሲያገድም የሚሰድበው የቀጥቃጩ ልጅ በዚያ ሰሞን ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ። መልካም ነው። ግን ቀና ብሎ መሄድን ለማየት ከበርበሬ ተራ ድረስ መሄድ ነበረበት? እኔ እኮ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ነበር፤ በየቀኑ።

ከዚያ አንድ ጎረምሳ ኮት ሊያስለካ መጥቶ እንዲህ አለኝ፦

«ሰማህ ጋሼ? የአስመራው ሰውዬ እኮ ማንም ሳያስተምረው ነው ስፌት ያወቀው። የአባቱን ሱሪ ፈትቶ!»

ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። «የማንን ሱሪ?»

«የአባቱን። አዲስ ሱሪ።»

«ካኪ ነው አለ?»

«ካኪ።»

«ዶሮስ አለበት?»

«አንተ እንዴት አወቅህ? ታናሽ ወንድሙ ዶሮ ይከላከልለት ነበር አለ!»

ወንድሜን ሳይቀር ወሰደው። ጎረምሳውን «ያ ሰው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችልም» ብዬ ብነግረው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አትቅና እባክህ» አለኝ።

ቀናሁ። ምን ልሁን? የራሱን ነገር ሰው ለብሶት ሲዞር እያየ የማይቀና ካለ እሱ ጤና የለውም። ቅናቴ ግን ከታሪኩ ይልቅ የሚብሰው በሌላ ነገር ነበር። ወንድሜ በገበያ ቀን በረንዳዬ መምጣቱን አቆመ። ሳየው በርበሬ ተራ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ፊት ለፊት ቆሟል። ለእኔ የነበረውን አስተያየት ለዚያ ባርኔጣ ሰጥቶታል። አንድ ቀን ሲመለስ ጠብቄ ያዝኩት።

«ስለ ሱሪው ሲያወራ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ዶሮውን የተከላከልከው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ምን ብለህ ትሰማዋለህ?»

«ጥሩ አድርጎ ነው የሚያወራው» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወንድሜ ያንን ሰው ተከትሎ ከሄደ የአባቴን መሬት የሚያርስ አይኖርም። አባቴ ወገባቸው ጎብጧል፤ እኔ የመኪና ሰው ሆኛለሁ። ሰውዬውም ጎረምሶቹን አስመራ ይዟቸው ሊሄድ እንደሆነ መወራት ጀምሮ ነበር።

ጥር ላይ የሰፈራችን ሰው ልጁን ዳረ። ዳሱ ሞልቶ፣ ጠላው ፈልቆ፣ ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ ወንዶቹ መፎከር ጀመሩ። በእኛ ሰፈር ደንብ አለ። ፎካሪ ያልሠራውን ሠራሁ ካለ፣ ያወቀ ሰው ዱላውን ከፊቱ አጋድሞ «ምስክር!» ይላል። ምስክር እስኪቆም ፎካሪው ከዱላው አይሻገርም። ይህ ደንብ የመጣው ከአዳኞች ዘመን ነው፤ አንዱ የገደለውን አውሬ ሌላው እንዳይፎክርበት። እኔ በሕይወቴ ለሱሪ ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የአስመራው ሰው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ወደ መሐል ገባ።

«ዘራፍ! ዘራፍ!
ጌታ ሳይቀጥረው፣ መምህር ሳያየው፣
የአባቱን ሱሪ ፈትቶ የለየው፣
መርፌ እንደ ጦር ይዞ ሲዋጋ የዋለ፣
ብቻውን ተምሮ ከሰው የተሻለ!»

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። እውነቱን ለመናገር ፉከራው ያማረ ነበር፤ ያንን ነው ይበልጥ የማልምረው። ተነሳሁና ዱላዬን ከፊቱ አጋደምኩ።

«ምስክር!»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አወጡ። አንዱ አዛውንት «በምን ላይ ነው ልጄ? ነብር ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሱሪ ነው አባቴ» አልኩ። ዳሱ ሳቀ። «ሳቁ! ሱሪው የአባቴ ነው። የፈታሁት እኔ ነኝ። ምስክሬ ወንድሜ ነው፤ ይቁም።»

አባቴም እዚያው ነበሩ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ ያንኑ ሱሪ ለብሰው። ጉልበቱ ላይ ተጥፏል፤ ጣፊውም እኔ ነኝ። ወንድሜ ከጎረምሶቹ መሐል ቀስ ብሎ ተነሳ። መጀመሪያ ሰውዬውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ የአባታችንን ሱሪ ለረጅም ጊዜ አየ።

«ወንድሜ ነው የፈታው» አለ። «መልሶ የሰፋውም እሱ ነው። ሱሪው ይኸው፤ አባየ ለብሰውታል። ዶሮውን የተከላከልኩት እኔ ነኝ።»

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! አባቴ በሰው ፊት እግራቸውን ዘርግተው ስፌቱን አሳዩ። ሴቶቹ እልል አሉልኝ። ሰውዬው ያፍራል፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሳቀ። ዱላዬን ከመሬት አንስቶ በሁለት እጁ፣ በትሕትና፣ መለሰልኝና ወደ ጎረምሶቹ ዞረ።

«አያችሁ? ከመሐላችሁ ነው! ምሳሌ ፍለጋ አስመራ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የሠራው እዚሁ፣ በዓይናችሁ ፊት ቁጭ ብሏል። የማን ይሁን የማን ምን አገባችሁ? ጥያቄው፣ አንተስ ትችላለህ ወይ ነው!»

«እችላለሁ!» አለ ዳሱ በሙሉ።

በእኔ ምስክር የተጨበጨበው ለእሱ ነው።

ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ ወንድሜ በረንዳዬ መጣ። ንጹሕ ልብስ ለብሷል። ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ።

«ልሄድ ነው ጋሼ።»

«ከዚያ ሌባ ጋር?»

«ሌባ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ አይደለሁ የመሰከርኩበት?»

«ታዲያ ምን አገኘህበት?»

«አንተ ስትሠራ አይቻለሁ» አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። አንተም ትችላለህ ያለኝ ግን እሱ ነው። አንድ ቀን ‹እንካ፣ አንተም እስቲ ርገጣት› ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«አባየን ማን ያርስላቸው ብዬ ነዋ!»

«እሱንም አውቃለሁ» አለ። ጉልበቴን ስሞኝ ወጣ። በጭነት መኪና ላይ፣ ከእህሉ ጆንያ በላይ፣ ከሌሎች ጎረምሶች ጋር ተጭኖ ሄደ። ሁሉም እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር። እሱ ብቻ አላወዛወዘም፤ ወደ በረንዳዬ እያየ ነው የራቀው።

አባቴ ሲሰሙ ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «አንዱን መርፌ ወሰደብኝ፤ አንዱን ደግሞ ወሬ።»

ክረምቱ አለፈ፤ መስከረም ጠባ፤ ውሃው መሸሽ ጀመረ። ዓረቡን ፈቃድ ጠይቄ መኪናዬን በጨርቅ ሸፈንኩና ወደ ሜዳው ወረድኩ። ከሱሪ ሰፊ መሐል ዋልካ ያረሰ ካለ ይምጣና ይናገር! እስከ ጉልበቴ በጭቃ ተነክሬ፣ እርፉን በዚህ በለሰለሰ እጄ ይዤ አረስኩ። በሬዎቹ ግን አሞኙኝ። ትልም ጫፍ ላይ ደርሰው ይቆማሉ። እጮሃለሁ፤ ጆሮአቸውን ያቆማሉ፤ አይዞሩም። የወንድሜን ድምፅ ነበር የሚጠብቁት። አባቴ ከዳር ተቀምጠው ዱላቸውን ተደግፈው ያያሉ።

«እሱ እንዲህ አድርጎ አይደለም የሚያዞራቸው» ይላሉ።

«እንዴት አድርጎ ነው አባየ?»

«እኔ እንጃ። ብቻ እንዲህ አይደለም።»

በበሬ የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሽምብራው ግን ተዘራ። በጊዜው ተዘራ፤ ደግሞም በቀለ። የዘራሁት እኔ ነኝ።

የአስመራው ሰው ተመልሶ አልመጣም፤ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ድንጋይ አገኘ መሰለኝ። ከሄዱት ጎረምሶች አንዳንዶቹ አስመራ ኩሊ ሆነው ቀሩ፤ አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ጨው ልነግድ ያለው ጨው ነገደ፤ በክረምት ጎርፍ አሟሟበት። ሻይ ቤቱን የከፈተው ግን አሁን ድረስ ልጆቹ ይዘውታል። ወንድሜ መጀመሪያ ጫኝ፣ ከዚያ ረዳት ሆነ። በሚቀጥለው መስከረም፣ ሜዳው ልክ ውሃውን ሲጥል፣ በረንዳዬ ፊት ለፊት አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ቆመ። መሪው ላይ የተቀመጠው እሱ ነበር።

ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ወንድሜ ወርዶ ጉልበቴን ሳመኝና «ጌታዬን ፈቃድ ጠይቄ መጥቻለሁ፤ ሽምብራው እስኪዘራ ነው» አለ። ሱሪውን እዚያው መኪናው ኋላ አውልቆ በቁምጣ ወደ ሜዳው ሄደ። ተከትዬው ወረድኩ። በሬዎቹ ከሩቅ ድምፁን ሲሰሙ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ያንን እኔ ለእህል ስል ያሳለፍኩትን መከራ በፉጨት ጨረሰው። አባቴ ከዳር ሆነው «ይኸው፣ እንዲህ ነው!» ይሉ ነበር፤ ወደ እኔ እየዞሩ።

ከዚያ ዓመት በኋላም በየመስከረሙ መጣ። መሬቱ ጾም አላደረም። ለአባቴ ይህ በቂያቸው ነበር፤ ሲሞቱ ልባቸው አርፎ ነው የሞቱት። እኔ ግን በየዓመቱ የምጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። አርሶ ሲመለስ ሱሪውን ለእኔ ይሰጠኛል። ሁሌም አንድ ቦታ የተተረተረ ነው። አስመራ ውስጥ ስንት ልብስ ሰፊ አለ! አንድ ጊዜ ስጠይቀው «ሌላ ሰው አይነካውም» አለኝ። ሱሪው እስኪጠገን በረንዳው ላይ ቁምጣውን ለብሶ ይቀመጣል፤ ጎረምሶች ሾፌር ለማየት ይከቡታል፤ እሱም ያወራላቸዋል። ስለ ካኪው ሱሪ፣ ስለ ምላጩ፣ ስለ ዶሮዎቹ። ስሜን እየጠራ፣ በጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ ነው የሚያወራው። አንዲት ቃል አያዛባም። መጨረሻ ላይ ግን ድምፁን ከፍ ያደርግና «አንተስ? አትችልም?» ይላቸዋል፤ ልክ እንደዚያ ሰው፣ በዚያው ሰው ዜማ። የጎረምሶቹ ዓይን ያን ጊዜ ይበራል።

እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰፋለሁ። ታሪኩ የእኔ ነው፣ እጁም የእኔ ነው፣ ወንድሙም የእኔ ነው፤ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ግን የዚያ ባለ ባርኔጣ ናት፤ እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣችልኝም። አንድ ቀን ሱሪውን ጨርሼ ስሰጠው ወንበሬን ወደ እሱ ገፋሁለት።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ተቀመጥ። እስቲ ርገጣት» አልኩት።

ያ የመኪና መሪ የለመደ እግሩ ወዲያው ክሩን በጠሰው። ጎረምሶቹ ሳቁበት፤ እኔም ሳቅሁ። መርፌዋ ውስጥ ክሩን መልሼ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሳላይ፣ በአንድ ጊዜ።